ፈረንሳይ ስኪ ልትሄዱ ነው? ከመንደሩ ስም በፊት ሳምንቱን ምረጡ

የአጎቴ ልጅ ፍራንክፈርት ነው የምትኖረው። ሰሞኑን ደውላ፣ "ልጆቹ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ፤ ፈረንሳይ ስኪ ልወስዳቸው ነው። ሻሞኒ ይሻላል ወይስ ኩርሽቬል?" አለችኝ። ሁለቱንም የምታውቃቸው በስም ነው። ሻሞኒ እ.ኤ.አ. በ1924 የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ የተካሄደበት ከተማ ነው። ኩርሽቬል ደግሞ የሀብታም መዋያ እየተባለ ስሙ የወጣ ነው። እኔ ግን ወዲያው አልመለስኩላትም። "በየትኛው ሳምንት ነው የምትሄዱት?" አልኳት።

"እሱን በኋላ እናየዋለን" አለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስም ይመርጣል፣ ከዚያ ቀን ይፈልጋል። ዋጋውን፣ ወረፋውን፣ አንዳንዴም በረዶ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ግን ሳምንቱ ነው። የ2030 የክረምት ኦሎምፒክ ለፈረንሳይ አልፕስ ከተሰጠ ወዲህ ስለነዚህ ተራሮች የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ወሮቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የትምህርት ቤት እረፍቱም፣ የቤት ኪራዩም በዚያው ስለሚቆጠር።

ለመሆኑ የስኪ ሪዞርት ምንድን ነው?

እኛ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ጥጥ የሚበነውንም በአንድ ቃል በረዶ እንላለን። ስኪ የሚፈልገው የመጨረሻውን ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን አመዳይ የሚለው እሱን ነው፤ ቆንጆ ቃል ነበር፣ ከአፋችን ጠፋ እንጂ።

ስኪ ማለት ረዘም ያለ ቀጭን ጠፍጣፋ እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው፤ ጠፍጣፋውም ራሱ ስኪ ይባላል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሜዳ ለሜዳ በራስ ጉልበት የሚኬድበት ነው። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚህ ነው። ሁለተኛው በማሽን ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል መንሸራተት ነው። ሰዎች "አልፕስ ስኪ ሄድን" ሲሉ ይሄኛውን ማለታቸው ነው።

ሪዞርት ሲባል ለብዙዎቻችን ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ያለ ግቢ ነው የሚታየን። አንድ ባለቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ሒሳብ። ፈረንሳዮቹ "ስታሲዮን" የሚሉት የስኪ ሪዞርት ግን ተራራ ላይ ያለ ሙሉ መንደር ነው። ሽቅብ የሚያወጣችሁን ሊፍት አንድ ኩባንያ ያንቀሳቅሳል። ቤቱን ሌላ ሰው ያከራያል። ስኪውና ጫማው ከሱቅ ይከራያል። አስተማሪው ደግሞ ከሌላ ድርጅት ነው። ልክ እንደ ድግስ ነው፤ ድንኳኑ ለብቻ፣ ወንበሩ ለብቻ፣ ሳህኑ ለብቻ። ረከስ ያለ ማስታወቂያ ስታዩ ብዙ ጊዜ ያያችሁት የድንኳኑን ዋጋ ብቻ ነው።

ሳምንቱ ይሄን ያህል ለምን ወሳኝ ሆነ?

ፈረንሳይ ለትምህርት ቤት እረፍት ሲባል በሦስት ዞን ተከፍላለች፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ሊዮን ዞን ኤ ውስጥ ነው፣ ማርሴይ ቢ፣ ፓሪስ ሲ። ሁሉም የክረምቱ አጋማሽ ላይ የሁለት ሁለት ሳምንት እረፍት አላቸው። አገሩ በሙሉ በአንድ ቀን ተራራ ላይ እንዳይወጣ እረፍቱ በተራ ይወጣል። ሲደማመር አራት ሳምንት ይሆናል፤ ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ማርች መጀመሪያ ገደማ። መሀል ላይ ያሉት ሳምንታት የባሱ ናቸው፤ ሁለት ዞን ይደራረባል፣ እንግሊዞችም የልጆቻቸውን እረፍት ይዘው ይመጣሉ። በነዚህ ሳምንታት ያው አልጋ፣ ያው መስኮት፣ በጃንዋሪ አጋማሽ ከነበረው እጥፍ ሊጠየቅበት ይችላል።

ሌላው ቅዳሜ ነው። አብዛኛው ቤት የሚከራየው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። የሚወጣውም የሚገባውም ሰው በአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። ከአልበርትቪል ወደ ሙቲዬ የሚወስደው መንገድ ለኩርሽቬልም፣ ለላ ፕላኝም፣ ለቲኝም፣ ለቫል ዲዜርም መግቢያ ነው። በፌብሩዋሪ ቅዳሜ እዚያ መንገድ ላይ መገኘት ማለት የፋሲካ ዋዜማ ቃሊቲ ላይ መገኘት ነው፤ ልዩነቱ ውጭው ከዜሮ በታች መሆኑ ነው። ከእሁድ እስከ እሁድ የሚያከራይ ካገኛችሁ እንዳታመነቱ።

ረከስ የሚለው ከአዲስ ዓመት ማግስት እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ነው። ብርዱ ግን ይናከሳል፣ ቀኑም አጭር ነው። ከማርች አጋማሽ በኋላም ይረክሳል። ያኔ ፀሐይ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ግን በረዶው ይላቁጣል።

የአጎቴ ልጅ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። የፍራንክፈርት ልጆች በፌብሩዋሪ የሚዘጋላቸው ትምህርት ቤት የለም። የገና እረፍታቸው ግን ፈረንሳዮቹ ወደ ክፍል ከተመለሱ በኋላም ጥቂት ቀን ይዘልቃል። ያ የተረሳ ሳምንት ነው። ሌላው አማራጯ የፈረንጆች ፋሲካ ነው። ሁለቱ ሳምንታት ሁለት የተለያዩ ተራሮች ይጠይቃሉ።

ከፍታውን እንዴት ልረዳው?

ቫል ቶረንስ በአውሮፓ ከፍተኛው የስኪ መንደር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር። አዎ፣ አዲስ አበባ ማለት ነው። ሻሞኒና ሞርዚን ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ከድሬዳዋ ዝቅ ይላሉ። ድሬዳዋ ሰው በጥላ ሲሸሽ ሻሞኒ በረዶ የሚጠርግበት ምክንያት አገሩ ከምድር ወገብ መራቁ ነው።

በአንድ አካባቢ ውስጥ ግን ከፍታ ሁሉን ይለውጣል። 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ተኩል ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሞርዚን ላይ ዝናብ ሲዘንብ በዚያው ሰዓት ቲኝ ላይ (2,100 ሜትር) በረዶ ሊጥል ይችላል። በጃንዋሪ ዝቅ ያለ መንደር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በፋሲካ ግን ከፍ ያለውን ካልያዛችሁ ሳር ላይ ትንሸራተታላችሁ።

"ታዲያ ሁሌ ከፍ ያለውን ብመርጥስ?" ትሉ ይሆናል። ዋጋ አለው። ከፍ ያሉት መንደሮች አብዛኞቹ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ለስኪ ብቻ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ፎቅ በፎቅ ናቸው፣ ውበታቸው ያከራክራል። ዛፍም የለም። ዛፍ ደግሞ ለጥላ አይደለም የሚፈለገው። ጭጋግ ሲወርድ ሰማዩም መሬቱም አንድ ነጭ ይሆንና ቁልቁለቱ የት እንደሚጀምር አይታይም። ያኔ ዓይን የሚይዘው ጥቁር ነገር ዛፉ ነው። ሞርዚን ውስጥ ይሄ አለ፤ ደን አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ክረምት ከበጋ የሚኖር ሰው አለ።

ለአጎቴ ልጅ ጥያቄም መልሱ እዚህ ጋ ነው። ሻሞኒ ዙሪያው ግሩም ነው፣ የሞንብላን ተራራ ከራሱ በላይ ቆሟል። መንሸራተቻዎቹ ግን በየተራራው የተበታተኑ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በአውቶቡስ ነው። ሁለት ጀማሪ ልጅ ይዞ ያደክማል። ኩርሽቬል ደግሞ አንድ ቦታ አይደለም፤ ከ1,300 እስከ 1,850 ሜትር ተደርድረው የተቀመጡ መንደሮች ናቸው። ቱጃሮቹ ያሉት ላይኛው ላይ ነው። ታችኞቹ መንደሮች ውስጥ አድራችሁ እዚያው ተራራ ላይ በሊፍት መውጣት ይቻላል።

ከሒሳቡ ውስጥ ያልተጻፈው ምንድን ነው?

"ለአራት ሰው" የሚል አፓርታማ ስታዩ ካሬ ሜትሩን እዩ። ፈረንሳይ ውስጥ ለአራት ሰው ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል፣ ማታ ማታ የሚዘረጋ ሶፋ፣ እና መግቢያው ኮሪደር ላይ የተሰካ ተደራራቢ አልጋ ማለት ነው። አንሶላና ፎጣ በአብዛኛው የለበትም። የመጨረሻ ቀን ጽዳትም ለብቻ ይከፈላል፣ አለዚያ ራሳችሁ ወልውላችሁ ትወጣላችሁ። መያዣ ገንዘብ አለ። በሰው በአዳር የሚሰላ የቱሪስት ግብርም አለ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የአንሶላዋን መስመር ሳላነብ ሌሊት ደርሼ ጃኬት ለብሼ ነው ያደርኩት። ውሉ ላይ ግልጽ አድርገው ጽፈውት ነበር፤ ማንን ልውቀስ?

በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 በተራራማዎቹ አካባቢዎች የበረዶ ጎማ ወይም የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። በስዊዘርላንድ አውራ ጎዳና ካቋረጣችሁ 40 ፍራንክ የመንገድ ክፍያ አለ። ባቡር ደግሞ ከፓሪስ እስከ ሙቲዬና ቡር ሳን ሞሪስ ይደርሳል። ከቡር ሳን ሞሪስ ጣቢያ አጠገብ በሐዲድ የሚሳብ ተሽከርካሪ በደቂቃዎች ውስጥ ሌ ዛርክ ያወጣችኋል። ያለ መኪና ለሚሄድ ሰው ከዚህ የቀለለ አላውቅም።

ፎርፌው ምንድን ነው?

እኛ ፎርፌ ስንል ተጋጣሚ ቡድን ሳይመጣ ሲቀር የሚሰጥ ነጥብ ነው። እዚያ ግን "ፎርፌ" ማለት የሊፍት መሳፈሪያ ካርድ ነው። በቀን ወይም በሳምንት ይገዛል። ትልልቆቹ ቦታዎች ላይ የአዋቂ የስድስት ቀን ካርድ ከ300 ዩሮ በላይ ነው፤ ኩርሽቬልን፣ ሜሪቤልንና ቫል ቶረንስን የሚያገናኘው ትሯ ቫሌ ላይ 400 ገደማ ነው። ለዚያ 600 ኪሎ ሜትር መንሸራተቻ ይከፈትላችኋል።

ጀማሪ ግን 600 ኪሎ ሜትር ምን ያደርግለታል? የመጀመሪያውን ሳምንት ግማሹን የሚያሳልፈው ከእግር ኳስ ሜዳ ብዙም በማይሰፋ ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሪዞርቶች ለጀማሪ ብቻ የሚሆን ርካሽ ካርድ አላቸው። አንዳንዶቹ የልጆቹን ትንንሽ ሊፍቶች በነፃ ያደርጉታል። ትናንሽ ልጆችም ብዙ ቦታ አይከፍሉም። ድረ ገጹ ላይ ይሄ ከታች ተደብቆ ነው የሚቀመጠው፣ ውረዱና ፈልጉት።

ካርዱን በግራ ኪሳችሁ አድርጉ፣ ስልካችሁን በሌላኛው። በሩ በግራ በኩል ነው የሚያነበው፣ ስልክ ሲጠጋው ደግሞ ይደናበራል። ወረፋ መሀል ቆሞ ኪሱን የሚያተራምስ ሰው ሁሌ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይመስላል?

በጫማው ይጀምራል። የስኪ ጫማ ፕላስቲክ ነው፣ ቁጥሩም በሴንቲሜትር የእግር ርዝመት ነው። ሱቁ ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ ጫፉን ይነካል። "ጠበበኝ፣ ትልቅ ስጡኝ" ማለት ያምራችኋል። አትቸኩሉ። ጉልበታችሁን ወደ ፊት እጠፉት፤ ተረከዛችሁ ወደ ኋላ ይገባና ጣታችሁ ትንሽ ይላቀቃል። ልኩ እሱ ነው። ካልሲ አንድ ብቻ፣ እሱም ስስ። ሁለት የደረበ ሰው ቶሎ ነው የሚበርደው፤ ደም አይዘዋወርማ።

ሠራተኛው ክብደታችሁን፣ ቁመታችሁንና ችሎታችሁን ይጠይቃል። ለወሬ አይደለም። ስኪው ስትወድቁ ከጫማው የሚላቀቅበትን ኃይል በዚያ ነው የሚያስተካክለው። ኪሎ መቀነስ፣ ችሎታ መጨመር እዚህ ላይ አያስፈልግም። ጉልበት ይሰበራል።

ትምህርቱን ብዙ ሰው የሚወስደው ቀይ ከሚለብሱት የፈረንሳይ ስኪ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ነው፤ ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሠረተ ነው። ሌሎችም አሉ። የቡድን ትምህርት ግማሽ ግማሽ ቀን ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ይሰጣል። የመጀመሪያው ትምህርት ማቆም ነው። የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርባችሁ ኋላቸውን ትከፍታላችሁ። ወደ ታች ስታዩ እግራችሁ ስር "ለ" ፊደል ተሠርቷል ማለት ነው። ለን ስታሰፉት ትቆማላችሁ፣ ስታጠቡት ትፈጥናላችሁ። ልጆች በሰዓታት ይለምዱታል። አዋቂ ግን ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ፍርሃት ነው፤ ወደ ኋላ በተለጠጠ ቁጥር ደግሞ ስኪው አይታዘዝም።

ከሊፍቶቹ ሁሉ የሚያዋርደው በገመድ የሚጎትተው ነው። ዘንግ መጨረሻ ላይ ሳህን የምታህል ክብ ነገር አለች፤ በእግራችሁ መሀል ታስገቧታላችሁ። ወንበር ትመስላለች፣ አይደለችም። የተቀመጠ ሰው ይዘረጋል፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ቆማችሁ ተጎተቱ፣ በቃ።

ፀሐይ መከላከያ ቅባት አትርሱ። ጠይም ነኝ ብሎ መተው የለም። በረዶው ጨረሩን ከታች መልሶ ይልከዋል፣ አፍንጫ ስር ሳይቀር ያቃጥላል።

ቀለሞቹ ምን ይነግሩናል?

አሜሪካ ለምትኖሩ፣ የፈረንሳዩ ቀለም ከለመዳችሁት ይለያል። አረንጓዴ በጣም ቀላል፣ ሰማያዊ ቀላል፣ ቀይ ከበድ ያለ፣ ጥቁር ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀይ የለም። ቀለሙን የሚሰጠው ሪዞርቱ ስለሆነ የአንዱ ሰማያዊ ለሌላው ቀይ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱም ይለውጠዋል። ጠዋት የተስተካከለ ሰማያዊ፣ አሥር ሰዓት ላይ ተቆፋፍሮና በርዶ ሌላ ፍጥረት ይሆናል።

ዳርና ዳር የተተከሉት ዘንጎች ቁጥር አላቸው። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ቁጥሩ ይቀንሳል፣ 1 መጨረሻው ላይ ነው። ሰው ቢጎዳ የመንሸራተቻውን ስምና የዘንጉን ቁጥር መናገር በቂ ነው፣ አዳኞቹ ይደርሳሉ። ከዘንጎቹ ውጭ ግን የሚጠብቃችሁ የለም። የበረዶ ናዳ ያለው እዚያ ነው። አደጋው በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ይለጠፋል፤ 3 ሲሆን ሰው "መካከለኛ ነው" ብሎ ይዘናጋል፣ ግን አደገኛ ነው።

ብሰበርስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ፈረንሳይ ውስጥ ከመንሸራተቻው ላይ አንስቶ የማውረድ አገልግሎት በነፃ አይደለም፤ ሒሳቡ ለተጎጂው ነው የሚመጣው። በረዶ ላይ በሚጎተት አልጋ ከሆነ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፣ ሄሊኮፕተር ከመጣ ደግሞ ወደ ሺዎቹ ይሄዳል። ያላችሁ የጉዞ ኢንሹራንስ "ስኪ" የሚል ቃል ከሌለበት አትተማመኑበት። ፎርፌ ስትገዙ "ካሬ ኔዥ" የሚባል ኢንሹራንስ ይጨመር ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። በቀን ጥቂት ዩሮ ነው። እኔ ሁሌ አዎ እላለሁ።

ምን እንበላለን?

እነዚህ መንደሮች ያሉበት አካባቢ ሳቮይ ይባላል፤ የሳቮይ ተራራ ምግብ አይብ ነው። ራክሌት የቀለጠ አይብ በድንች ነው። ፎንዱ የቀለጠ አይብ በዳቦ ነው። ታርቲፍሌት ድንች፣ ሽንኩርትና ሬብሎሾን የሚባል አይብ ነው፤ ውስጡም የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ አለበት። ሜኑ ላይ "ላርዶን" የሚል ካያችሁ እሱ ነው። ሙስሊምም ብትሆኑ፣ ቤተ እስራኤልም፣ ኦርቶዶክስም፣ ይቺን ቃል ያዟት።

የፈረንጆች ፋሲካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። በሁዳዴ ሳቮይ ማለት ጥብስ ድንችና ሰላጣ፣ ሰላጣና ጥብስ ድንች ነው። ሽሮ ያዙ። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትመጡ ግን ቅቤና ቋንጣ አትያዙ፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰውስ?

የአጎቴ ልጅ ወንድሟን ከአዲስ ልትጠራው አስባ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ አሠራርን አጥብቋል። በመደበኛው 15 ቀን የነበረው የውሳኔ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ቪዛ ሳይያዝ የማይመለስ ቤት መከራየት ቁማር ነው። የጀርመን ወይም የሌላ ሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ግን ፓስፖርቱንና ካርዱን ይዞ ያለ ቪዛ ይገባል።

ትናንት ማታ መልሳ ደወለች። ወንድሟ በአውሮፓ በጋ ላይ ይመጣል፤ እሷ ከልጆቹ ጋር የጃንዋሪዋን ሳምንት ይዛለች፣ ኩርሽቬል ታችኛው መንደር ውስጥ። "ግን እኮ ገና መሀሉ ላይ ነው" አለች፣ "ኩሽናው ዶሮ ወጥ ይችላል?"

ሁለት ምድጃ ብቻ እንዳለው፣ እሱም ትንንሽ እንደሆነ ነገርኳት።

"እንግዲያው ቁሌቱን እዚሁ አቁላልቼ ይዤ እሄዳለሁ" አለችና ዘጋችው።